ሰማይ ላይ የበቀለች ድንች

ሰኞ፣ 45 ቀን ሲቀር

አዲስ ደብተር ልገዛ ወጥቼ ዳቦ ገዝቼ ተመለስኩ። እማዬ ከስፌት መኪናዋ መሳቢያ ውስጥ ግማሹ ያልተጻፈበት የልኬት ደብተር አውጥታ ሰጠችኝ። ከዚህ በፊት ያሉት ገጾች በሙሉ የሰው ወገብና ዳሌ ናቸው። ከዚህ መስመር በላይ «የአስተማሪዋ ቀሚስ፤ ወገብ 84፣ ዳሌ 106። ትንፋሿን ይዛ ነው የተለካችው፤ 3 ይጨመር» ይላል። ከዚህ መስመር በታች ያለው የኔ ነው። ማንም አያነበውም።

ዛሬ የፕሮፌሰሩ የመሰናበቻ ንግግር ቀን ተቆረጠ። ጡረታ ሊወጡ ነው። በዚያው ሳምንት እኔም የዶክትሬት ጽሑፌን አስረክባለሁ። እሳቸው ከሄዱ በኋላ የኔን ሥራ የሚያውቅ አማካሪ እዚህ ግቢ ውስጥ የለም፤ ዘንድሮ ካልሆነ ቀረ ማለት ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ «ዘንድሮ ትጨርሺያለሽ?» ሲሉኝ «አዎ» ያልኩ ሰው ነኝ።

ሥራዬን ለሚጠይቀኝ ሁሉ አስረድቼ አፌ ዝሏል፤ ለደብተሩ ግን አንዴ ልንገረው። ጋላክሲያችን ውስጥ ከብርሃን ትንሽ ብቻ የሚዘገዩ ደቃቅ ቅንጣቶች ይርመሰመሳሉ፤ የጠፈር ጨረር ይባላሉ። መንገዳቸው ጠማማ ስለሆነ ከየት እንደመጡ አይታወቅም። ነገር ግን የጋዝ ደመና ሲገጩ ጋማ ጨረር የሚባል፣ ለዓይናችን የማይታይ ብርሃን ይወጣል። ስለዚህ ጋማ ጨረር የሚያይ ዓይን ላለው ሰማዩ በሙሉ ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። የኔ ሥራ ይህን ጭጋግ በስሌት መሥራት ነው፤ ጋዙ የት አለ፣ ጨረሩ ምን ያህል ነው፣ ስንት ብርሃን ይወጣል። ከዚያ የሳተላይቱ ቴሌስኮፕ ካየው ላይ የኔን ስሌት እቀንሳለሁ። የሚቀረው ወይ አዲስ ነገር ነው ወይ የኔ ጥፋት። እስካሁን ሁልጊዜ የኔ ጥፋት ነው።

ረቡዕ፣ 43 ቀን ሲቀር

ፕሮፌሰሩ የጋዝ ካርታውን ላኩልኝ። የጋላክሲውን እምብርት ግራና ቀኝ የሚሸፍነውን ቁራጭ «ይህችን እኔ ራሴ በእጄ እሠራታለሁ፤ የመጨረሻ ሥራዬ ትሁን» ብለው ሁለት ወር ቤታቸው ቁጭ ብለው ነው የሠሯት። ልፈትሻት አልኩና አፈርኩ። የእሳቸውን ሥራ መፈተሽ የአባትን ኪስ እንደመፈተሽ ነው። ቀጥታ ስሌቱ ውስጥ ከተትኳት።

ዓርብ፣ 41 ቀን ሲቀር

ቀረ! አንድ ነገር ቀረ!

ቀንሼ ቀንሼ ሰማዩ ሁሉ ግራጫ ሆኖ ሳለ፣ ከመሃል ወደ ግራ አንዲት ትልቅ ቀይ እብጠት ቁጭ ብላለች። ግራጫ ማለት ስሌቴ ገጥሟል ማለት ነው፤ ቀይ ማለት ከስሌቴ በላይ የሆነ ጋማ ጨረር ነው። ማንም ያልቆጠረው ነገር እዚያ አለ! ሦስቴ ደገምኩት፤ ንቅንቅ አላለችም። ለፕሮፌሰሩ ደወልኩ። ጉልበታቸውን ካመማቸው ወዲህ ሰው ወደ እሳቸው ነው የሚወርደው፤ ዛሬ ግን ሦስት ፎቅ ደረጃ ራሳቸው ወጡ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ አደረጉ፣ እንደገና አወለቁ። «ድንች ትመስላለች» አሉ። በዚያው ስሟ ድንች ሆኖ ቀረ።

በስተቀኝ በኩል ደግሞ አንድ ሰማያዊ ጉድጓድ ነበረ፤ ስሌቴ ከሰማዩ አብልጦ የሰጠበት ቦታ። ዓይን ይረብሻል። ፕሮፌሰሩ ደረጃውን እስኪወጡ ድረስ የቀለሙን መለኪያ ከዜሮ አስጀመርኩት፤ ከዜሮ በታች ያለው ሁሉ ግራጫ ሆነ። ለዓይን እንዲያምር ብዬ ነው።

ሰኞ፣ 38 ቀን ሲቀር

ቢሮ የምጋራውን ልጅ በሆዴ «ይቅርታ» ነው የምለው። በር ሲገጨው በሩን ይቅርታ ይጠይቃል። ዛሬ ከኋላዬ ቆሞ ድንቿን ሲያይ ቆየና «ይቅርታ ግን፣ ከዜሮ በታች ያለውን ለምን አታሳዪም?» አለኝ።

«ለዓይን ስለሚረብሽ» አልኩት።

«ይቅርታ፣ ለማን ዓይን?»

ኧረ የሰው ነገረኛ! የሸሚዙ ሁለተኛ ቁልፍ ከወለቀ ሦስት ሳምንት አልፎታል፤ መጀመሪያ እሱን አያይም? ያውም ያ ሰማያዊ ሸሚዝ ሲያምርበት። ምሳ ሳልበላ ዋልኩ።

ማክሰኞ፣ 37 ቀን ሲቀር

እማዬ ደብተሩን የአስተማሪዋን ልኬት ልትመለከትበት ወሰደችው፤ ወዲያው መለሰችልኝ። ወዲያው ማለት አንድ ሰዓት ገደማ። ጠዋት ስወጣ ምሳ ቋጥራ ሰጠችኝ፤ ሁለት የተቀቀለ እንቁላልና ዳቦ። «ሳትበዪ እየዋልሽ ነው» አለችኝ። እናት መቼም ሁሉን ታውቃለች።

ረቡዕ፣ 36 ቀን ሲቀር

በጥድፊያ። ፕሮፌሰሩ የንግግራቸውን ርዕስ ቀየሩት! «የአርባ ዓመት ትዝታዬ» የነበረው «በጋላክሲያችን እምብርት ያልታወቀ ምንጭ» ሆነ። ከውጭ ሁሉ እንግዳ ጠርተዋል። ፖስተር ሊለጠፍ ነው። ፖስተሩ ላይ ድንቿ አለች።

ደስ ይበለኝ ወይስ ልፍራ አላውቅም።

ዓርብ፣ 34 ቀን ሲቀር

ፕሮፌሰሩ አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሲቆጡ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ። «የምድር ካርታ ላይ ምሥራቅ በቀኝ ነው፣ ምክንያቱም ወደ ታች ነው የምታየው! የሰማይ ካርታ ላይ ግን ምሥራቅ በግራ ነው፣ ምክንያቱም ወደ ላይ ነው የምታየው! አንተ ግን ሰማዩን ገልብጠህ መጣህ! ሂድና በጀርባህ ተጋድመህ እየው!» ልጁ ጆሮው እስኪቀላ ድረስ ቆመ። በየዓመቱ እንዲህ የሚገለብጥ አንድ አይጠፋም። ይቅርታና እኔ ቢሯችን ውስጥ ሳቃችንን ለማፈን አፋችንን በእጃችን ያዝን። እሱ ሲስቅ ዓይኑ ይጠፋል።

ማክሰኞ፣ 30 ቀን ሲቀር

እማዬ «እስቲ ያቺን ድንችሽን አሳዪኝ» አለችኝ። ስልኬ ላይ አሳየኋት። አፏ ውስጥ አራት ስፒል ይዛ ነበር፤ አንድ በአንድ አወጣቻቸውና ሜትሯ ላይ ሰካቻቸው። ይህን የምታደርገው ነገር ሲከነክናት ነው።

«ይሄ የተረፈው ከየት መጣ?» አለች።

«እሱን ነው እኮ የምንፈልገው እማዬ።»

«እኔ ቤት እንኳ፣ እዚህ ጋ ጨርቅ ከበዛብኝ ሌላ ቦታ አሳጥሬ ቆርጫለሁ ማለት ነው። ያጠረው የታል?»

«ሰማይ እጅጌ አይደለም!» አልኳት፤ ድምፄም ከፍ አለ መሰለኝ። እሷም ስፒሎቹን ወደ አፏ መለሰች። ምን ሆኜ ነው እናቴ ላይ የምጮኸው? አይ እኔ!

ረቡዕ፣ 22 ቀን ሲቀር

ድንቿ እናት አላት፣ እኔ ነኝ፤ አባት ግን አጣሁላት። ሁለት ሳምንት ሙሉ አባት ስፈልግላት ከረምኩ። የፈነዳ ኮከብ አጨሁላት፤ ዕድሜው አልገጠመም። እርስ በርስ የሚዟዟሩ ሁለት ኮከቦች አጨሁላት፤ ጉልበታቸው አልበቃም። እዚያ ቦታ ላይ ያለው አንድ ዝም ያለ፣ ሥራ ፈት የጋዝ ደመና ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ የፕሮፌሰሩ ካርታ «እዚህ የለም» ይላል። የድሮ መጻሕፍት «አለ» ይላሉ። ፕሮፌሰሩን ወይስ የድሮ መጻሕፍትን? ይህ ጥያቄ ነው እንዴ! ፕሮፌሰሩን ነዋ።

ይቅርታ ዛሬም «ይቅርታ ግን» ሊል ሲጀምር ጆሮ ማዳመጫዬን ሰካሁ። ሙዚቃ አልከፈትኩም። ዝም ብዬ ሰካሁት።

ቅዳሜ፣ 19 ቀን ሲቀር

ፖስተሩ ተለጠፈ። በሩ ላይ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ላይ፣ መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ሳይቀር። የትም ብሄድ ድንቿ ታየኛለች። የጥበቃው ሰውዬ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ሰማይ ላይ ድንች አበቀልሽ አሉ» አለኝ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ከዚያ ደግሞ ያ ሰማያዊ ነገር ትዝ አለኝና ቅቤው ቀለጠ። ለምን ትዝ እንደሚለኝ አላውቅም። ለዓይን እንዲያምር ብዬ ነው አልኩ እኮ።

ቅዳሜ፣ 12 ቀን ሲቀር

እማዬ ለንግግሩ ቀን ቀሚስ ልትሰፋልኝ ነው። «ሥራሽ ጨርቁ ላይ ይታተም» አለች። ደንበኛዋ ጨርቅ ላይ ሥዕል የሚያትም ሰው ነው፤ ፋይል ላኪልኝ አለኝ። ስብሰባ ልገባ ስል ነበር፣ መጀመሪያ ያገኘሁትን ላክሁ። ደረትና ጀርባዬ ላይ ሙሉ ጋላክሲ! ሰው ምን ይለኛል?

«ያ ይቅርታ የምትዪው ልጅስ ይመጣል?» አለችኝ እማዬ፣ ክር መርፌ ውስጥ እየከተተች።

ስለ እሱ ነግሬያት አላውቅም። ነግሬያት ይሆናል እንግዲህ።

ቅዳሜ፣ 5 ቀን ሲቀር

ጉዴ ፈላ።

በደንብ ልጻፈው። ከሰዓት በኋላ ጨርቁ መጣ። እማዬ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፣ እኔም ልመርቅ አጠገቧ ቆምኩ። ሰማያዊው አለበት! ለካ የላክሁት ሳልሸፍነው በፊት የነበረውን ፋይል ነው። «ተሳስቻለሁ፣ ሌላ ይታተም» ልል አፌን ስከፍት እማዬ እንደ ሁልጊዜዋ ጨርቁን መሃል ለመሃል አጠፈችው፤ ግራና ቀኙ እኩል እንዲቆረጥ። ከዚያ እንዳይንሸራተት ስፒል ወጋችበት። የወጋችው ድንቿ መሃል ላይ ነው።

ጨርቁን ገለበጠችው። የስፒሉ ጫፍ በሰማያዊው ጉድጓድ መሃል ወጥቷል።

«ያጠረው ይኸውልሽ» አለች። በድል አይደለም፣ ቁልፍ የጠፋባት ሴት ቁልፍ ስታገኝ እንደምትለው ነው። ሌላ ስፒል አንስታ አንዲት ትንሽ ቀይ ነጥብ ወጋች፤ በጀርባው በትንሽ ሰማያዊ ነጥብ ወጣ። ሌላም። ሌላም። ሰባት ስፒል ወጋች፣ ሰባቱም ገጠሙ። «ልጄ፣ ይሄ እኮ የግራው በቀኝ ነው የተሰፋው» አለችኝ።

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ወንበሩ ላይ መቀስ ነበረ።

እሑድ፣ 4 ቀን ሲቀር

ቢሮ ገባሁ፤ ማንም የለም። ፕሮፌሰሩ በእጃቸው የሠሯትን ቁራጭ ግራና ቀኟን ገለበጥኳትና ስሌቱን እንደገና አስኬድኩ። አራት ሰዓት ፈጀ።

ድንቿ የለችም። ጉድጓዱም የለም። ያ ሥራ ፈት የጋዝ ደመና በቦታው ተቀምጧል፤ ድሮም የሚያበራው እሱ ነበር። ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ግራጫ ሆነ።

አራት ቀን ቀርቷል። የውጭ እንግዶቹ አውሮፕላን ተሳፍረዋል። እኒያ ሽማግሌ አርባ ዓመት ባስተማሩበት አዳራሽ፣ በመጨረሻ ቀናቸው፣ የሌለች ድንች ሊያበሥሩ ነው። ተማሪ የተቆጡበትን ጥፋት ራሳቸው ሠርተዋል፤ ያን ጥፋት ደግሞ የደበቅሁላቸው እኔ ነኝ። ዝም ብልስ? የሚያውቀው እኮ እማዬና ስፒሎቿ ብቻ ናቸው።

ይህን መጻፌን ራሱ አፈርኩበት።

ሰኞ፣ 3 ቀን ሲቀር

ሦስቴ ሄድኩ። መጀመሪያ ስገባ «ምነው?» አሉኝ፤ «ጠመኔ አለዎት?» አልኳቸው። አንድ እሽግ ሰጡኝ። ሁለተኛ ስገባ አበባቸው ውሃ እንደሚያስፈልገው ነገርኳቸውና አጠጣሁላቸው፤ የፕላስቲክ አበባ ነው። ሦስተኛ ስገባ ንግግራቸውን ሲለማመዱ ደረስኩ። «ይህችን ግኝት ያለ ተማሪዬ አላገኛትም ነበር» ሲሉ ሰማሁና በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁት።

ይቅርታ ጠመኔውን እንደያዝኩ ኮሪደር ላይ አገኘኝ። ሁሉን ነገርኩት። ሰማኝና «አብሬሽ ልግባ?» አለኝ። ይቅርታ አላለም! ለመጀመሪያ ጊዜ። «ብቻዬን ነው የደበቅኩት፣ ብቻዬን እነግራቸዋለሁ» አልኩት። «በሩ ላይ እቆማለሁ» አለ።

ማክሰኞ፣ 2 ቀን ሲቀር

ጨርቁን ይዤ ገባሁ። ቃል ከአፌ እንደማይወጣ አውቄዋለሁ፤ ስለዚህ ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጋሁት፣ መሃሉ ላይ አጠፍኩት፣ ስፒል ሰጠኋቸው። «ፕሮፌሰር፣ እባክዎ ድንቿን ይውጓት» አልኳቸው።

ወጓት። ጨርቁን ገለበጡት። የስፒሉን ጫፍ አዩ።

«ቁራጩ የኔ ነው» አሉ።

«አዎ።»

«ቤቴ፣ ከምሠራበት ጠረጴዛ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ትልቅ የምድር ካርታ አለ። ሁለት ወር ሙሉ እሱን እያየሁ…» አልጨረሱትም።

«ሰማያዊውን የደበቅኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። «ከመጀመሪያው ቀን አይቼዋለሁ። ያን ቀን ባሳይዎት ኖሮ ወዲያው ያውቁት ነበር።»

«ለምን ደበቅሽው?»

«ደረጃውን እየወጡ ነበራ!» አልኳቸው፤ እንባዬ ቀደመኝ። «ጉልበትዎን አሞዎት ሦስት ፎቅ እየወጡ ነበር።»

ከዚያ ተነሡ፣ ኮታቸውን አወለቁ፣ ምንጣፉ ላይ በጀርባቸው ተጋደሙ! «ጨርቁን ከላዬ ያዢልኝ» አሉ። ያዝኩላቸው። ከታች ወደ ላይ አዩት። ጣታቸውን አንሥተው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ አንቀሳቀሱ። ሆዳቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ሲስቁ ነው። «ያን ምስኪን ልጅ! ጆሮውን አየሽው? እንደ ቲማቲም!» እያሉ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ሊነሡ ሲሉ ጉልበታቸው እምቢ አለ። እኔ ብቻዬን አልቻልኳቸውም። «ይቅርታ!» ብዬ ጮህኩ፤ በሩ ላይ የቆመው ከች አለ። «ይቅርታ ሲባል ሰው ይመጣል እንዴ?» አሉ ፕሮፌሰሩ፣ ከምንጣፉ ላይ። ለሁለት ተጋግዘን አነሣናቸው።

ኮታቸውን ሲያደርጉ «ስለዚህ ምን ቀረን?» አሉኝ።

አዲሱን ግራጫ ካርታ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አወለቁ፣ አደረጉ። በዚህ ጊዜ አልሳቁም።

ረቡዕ፣ 1 ቀን ሲቀር

ምዕራፉን እንደገና እየጻፍኩ ነው። ይቅርታ ቁጥሮቹን ይፈትሽልኛል። የቀለሙ መለኪያ ከዜሮ በታችም ከዜሮ በላይም ሙሉ ነው። እማዬ ያንኑ ሥዕል ሌላ ጨርቅ ላይ አሳትማ ቀሚሴን እየሰፋች ነው። አልበላሁም። በላሁ፤ እንቁላል።

ሐሙስ፣ ቀኑ

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። እማዬ ከኔ ጎን ተቀመጠች፣ ይቅርታ ደግሞ ከእማዬ ጎን። ፕሮፌሰሩ መድረኩ ላይ የወጡት እማዬ ከተረፈው ጨርቅ የሰፋችላቸውን ከረባት አድርገው ነው፤ ድንቿ ልክ ቋጠሮው ሥር ነች።

«ርዕሴ ተሳስቷል» ብለው ጀመሩ። ሰው ቀልድ መስሎት ሳቀ። ቀልድ አልነበረም። የመጀመሪያውን ጨርቅ መድረኩ ላይ አጠፉት፣ በስፒል ወጉት፣ ገልብጠው አሳዩ። ከዚያ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለውን የአንደኛ ዓመት ተማሪ አስነሥተው፣ አርባ ዓመት ባስተማሩበት አዳራሽ፣ በእንግዶቹ ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቁት። ልጁ ጆሮው እንደገና ቀላ፤ ሰው ግን አጨበጨበለት። የኔን ጥፋት አልተናገሩም። እኔ ግን በተራዬ ተነሥቼ ተናገርኩ።

ከዚያ ግራጫውን ካርታ አሳዩ። ምንም የለበትም። አዳራሹ ምን ማየት እንዳለበት አልገባውም። ፕሮፌሰሩ ጠበቁ። ከፊት ረድፍ አንዲት ሽበታም የውጭ እንግዳ ቀስ ብለው ተነሡ። «ስሌቱ በእምብርቱ ላይ ይህን ያህል ገጥሞ አይቼ አላውቅም» አሉ፤ ማጨብጨብም ጀመሩ። ያኔ ሌላው ሁሉ ተነሣ። ፕሮፌሰሩ እጃቸውን ወደኔ ዘረጉና «የሷ ነው» አሉ።

እማዬ ጎኔን ነካችኝ። «ታዲያ ምን ቀረ?»

«ምንም።»

«ምንም?»

«ምንም፣ እማዬ።»

ራሷን ነቀነቀች። ገብቷት ይሁን አይሁን አላወቅሁም። ጽሑፌን አስረክቤያለሁ። ደክሞኛል።

እሑድ፣ ካለፈ በሦስተኛው ቀን

እማዬ ትናንት ደብተሩን ለልኬት ፈልጋው ነበር። ዛሬ ስከፍተው ከሐሙስ ጽሑፌ ሥር ሦስት መስመር በሷ እጅ ተጽፎ አገኘሁ። ለካ ከመጀመሪያው ጀምሮ ስታነበው ኖራለች! እንቁላሉ! ይቅርታ! የጮህኩባት ቀን! ደሜ ፊቴ ላይ ወጣ፤ ከዚያ አነበብኩት። እንዲህ ይላል፦

«የይቅርታ ሸሚዝ፤ ትከሻ በዓይን 46፣ ሁለተኛ ቁልፍ የለም። መጥቶ ይለካ።

የልጄ ቀሚስ፤ ወገብ 71፣ ቀንሳለች። ትብላ።

ሰማይ፤ የልጄ ሥራ። ትራፊ ምንም የለም። ጥሩ ተቆርጧል።»